ፊቱን አይቶ መኖር፦ የቤት ውስጥ ጥቃትን በየመልኩ እንዴት እንለያለን?

ልጅ ሳለሁ ግቢያችን ውስጥ የምትኖር አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ እጁን አንስቶባት አያውቅም። ሰፈሩ ሁሉ "ታድላ፣ ሰው የመሰለ ባል!" ይላት ነበር። ቡና ስንጠራት ግን ተረጋግታ አትቀመጥም። ስኒዋን ሳትጨርስ በሩን በሩን ታያለች። የመኪናው ድምፅ ሲሰማ ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ትሮጣለች። ነገሩ የገባን እናቷ የሞቱ ዕለት ነው። ለቀብር እንዳትሄድ በሩን ከውጭ ቆልፎባት ወጣ። ጎረቤት ተሰብስቦ ቁልፉን ሰበረ። እስከዚያ ቀን ማንም "ምን ሆነሻል?" ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ቁስል አይታይባትማ።

ብዙዎቻችን የቤት ውስጥ ጥቃት ሲባል የምናስበው ያበጠ ዓይን ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። አካላዊው 24 በመቶ ነው። ስሜታዊውም እንደዚያው 24 በመቶ ነው። ማለትም በቃልና በማስፈራራት የሚደርሰው ከዱላው አያንስም። በዚያው ጥናት ከሴቶቹ 63 በመቶ፣ ከወንዶቹ 28 በመቶ "ባል ሚስቱን ቢመታ ልክ የሚሆንበት ምክንያት አለ" ብለዋል። ይህን ቁጥር ባነበብኩት ቁጥር ደረቴ ይከብደኛል። የሚደርስብንን ጥቃት ጥቃት ብለን እንዳንጠራው ከልጅነት ጀምሮ ተምረናል ማለት ነው።

ስለዚህ ደረጃ በደረጃ እንሂድ። "አንቺ" እያልኩ የምጽፈው በብዛት የሚጠቁት ሴቶች ስለሆኑ ነው። የምታነበው ስለ እህትህ፣ ስለ ጎረቤትህ ወይም ስለ ራስህ ከሆነም አካሄዱ ያው ነው።

ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር። ስልክሽን የሚበረብር ሰው ካለ ይህን በሌላ ሰው ስልክ አንብቢው። ወይም አንብበሽ ስትጨርሺ ከስልክሽ ላይ አጥፊው።

1. ያለፈውን ሳምንት ወደኋላ ቁጠሪ

ወረቀት አያስፈልግሽም። ከሰኞ እስከ እሁድ ያለውን በሆድሽ አስቢው። ፊቱ እንዳይጠቁርብሽ ብለሽ የተውሽው ነገር ምንድን ነው? ያላነሳሽው ስልክ አለ? ለብሰሽ አውልቀሽ የሰቀልሽው ቀሚስ? ያልደረስሽበት ለቅሶ? እህትሽ ልትጠይቅሽ መጥታ "እሱ ሳይመጣ ሂጂ" ብለሻታል? ልጆቹን "አባታችሁ መጣ፣ ዝም በሉ" ብለሻቸዋል?

ትዳር ውስጥ መተው አለ። እሱ ኳስ ማየት ይተዋል፣ አንቺ ቅዳሜ ከጓደኛ ጋር መዋል ትተያለሽ። ይህ ጤነኛ ነው። ልዩነቱን የምታገኚው "ባልተውስ ኖሮ?" ብለሽ ስትጠይቂ ነው። መልሱ "ቅር ይለው ነበር" ከሆነ አንድ ነገር ነው። "ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም" ከሆነ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ፍርሃት "ባሏን ታከብራለች" እየተባለ ይመሰገናል። የሚከበር ሰው ግን በር ሲከፍት ልብ አይደነግጥም።

2. ጭቅጭቅን ከጥቃት ለዪ

ተጨቃጭቆ የማያውቅ ቤት የለም። ድምፅ መጨመርም፣ ለአንድ ቀን መኮራረፍም ያጋጥማል። በጭቅጭቅ ጊዜ ሁለታችሁም ትናገራላችሁ፣ አንዳችሁ ትረታላችሁ፣ ነገ ደግሞ ሌላው ይረታል። በጥቃት ጊዜ ግን አንደኛው ሁሌም ይወስናል፣ ሌላው ሁሌም ይፈራል። ርዕሱ ወጡ ጨው በዛ ይሁን የልጅ ትምህርት ቤት፣ መጨረሻው አንድ ነው። ይቅርታ የምትጠይቂው ያላጠፋሽውንም ነው።

"እሱ እኮ ሲናደድ ራሱን አያውቅም" ትይ ይሆናል። እስቲ መሥሪያ ቤት አለቃው ሲያናድደው ምን እንደሚያደርግ አስቢ። ትራፊክ ሲያስቆመውስ? እዚያ ራሱን ከገዛ፣ ቤት ውስጥም መግዛት ይችላል። ንዴቱን የሚያወጣበትን ሰው መርጧል ማለት ነው።

3. በአካል ላይ የሚደርሰው

ጥፊ፣ ቡጢ፣ ካልቾ፣ ቀበቶ ማንም ያውቃቸዋል። እንደ ጥቃት የማንቆጥራቸው ግን አሉ። ፀጉር መጎተት። ገፍትሮ ግድግዳ ላይ ማጋጨት። ሳህን ወይም ስልክ መወርወር፣ ባያገኝሽም። ሌሊት ከቤት አስወጥቶ በር መዝጋት። ወይም ቆልፎብሽ መሄድ። ስትታመሚ ሐኪም ቤት እንዳትሄጂ መከልከል፣ መድኃኒትሽን መደበቅ። ሌሊቱን ሙሉ እየቀሰቀሱ እንቅልፍ መንሳት። እርጉዝ ሆነሽ ደግሞ ሆድሽ ላይ ማነጣጠር።

አንዱ ላይ ግን ቆም ልበል። አንገትሽን ይዞ ያውቃል? አንዴም ቢሆን፣ ለጥቂት ሰከንድም ቢሆን? "ለማስፈራራት ነው እንጂ ሊገለኝ አይደለም" የሚሉ ብዙ ናቸው። መታነቅ ላይ ላዩን ምልክት ሳይተው የውስጡን ደም ስር ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ድምፅሽ ከጎረነነ፣ ምራቅ ስትውጪ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ካየሽ፣ ራስሽን ካዞረሽ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ። ለሐኪሙም "ታንቄ ነበር" ብለሽ በግልጽ ንገሪው። ሚስቱን አንዴ ያነቀ ሰው በኋላ የመግደል ዕድሉ በጣም ከፍ ያለ ነው። ይህን ለማስደንገጥ ብዬ አልጻፍኩትም። ብዙ ሴት ቀለል አድርጋ የምታልፈው ስለሆነ ነው።

ሕጉም በዚህ ላይ ይናገራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በአካል ጉዳት አንቀጾች እንደሚያስቀጣ በስም ጠቅሶ ይደነግጋል። ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትንም ይጨምራል። "የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፣ ቤታችሁ ጨርሱት" የሚል ፖሊስ ቢያጋጥምሽ ይህን ቁጥር ጥቀሽለት።

4. በቃልና በመንፈስ ላይ የሚደርሰው

ይህ ማስረጃ አጥቶ የሚያስጨንቀው ዓይነት ነው። ስድቡ በጊዜ ብዛት የገዛ ሐሳብሽ እስኪመስልሽ ድረስ ይገባል። "አንቺን ብሎ እናት"፣ "ከኔ ሌላ ማን ያይሻል"፣ "ያነሳሁሽ ከየት እንደሆነ ረሳሽው?" እነዚህን ቀን ተቀን ስትሰሚ መጀመሪያ ያምሻል። ከዚያ ትለምጂዋለሽ። ቀጥሎ ታምኚዋለሽ።

ሁለተኛው የራስሽን ዓይን እንድትጠራጠሪ ማድረግ ነው። ትናንት የተናገረውን ዛሬ "አላልኩም፣ ታምመሻል" ይልሻል። ይህ ሲደጋገም ነገር መርሳት የጀመርሽ ይመስልሻል። ለማጣራት ቀላሉ መንገድ ማስታወሻ ነው። የሆነውን በዕለቱ፣ በቀኑና በሰዓቱ ጻፊው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማን እንደሚረሳ ታውቂያለሽ።

ዝምታም አለ። ሁለት ቀን ማኩረፍ ሌላ ነው። ወር ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ እያሉ እንደ ግድግዳ ማለፍ፣ የምታቀርቢውን ምግብ ሳይነኩ መተው፣ እስክትንበረከኪ ድረስ መጠበቅ ግን ቅጣት ነው።

ከሰው መለየቱ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ አንዷ ጓደኛሽ "ትዳርሽን የምታፈርስ" ትባላለች። ቀጥሎ እህትሽ "ወሬኛ"። ከዚያ ማኅበሩ፣ እድሩ፣ እቁቡ ይቀራል። አንድ ቀን ዞር ስትዪ የምትደውይለት ሰው የለም። ቤተሰብሽን በስልክ ስታወሪ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጊ የሚልሽ ከሆነ እዚያ ደርሰሻል።

ማስፈራሪያውም እንደየቦታው ይለያያል። አገር ቤት "ልጆቹን አታዪያቸውም" ይባላል። ውጭ አገር ደግሞ ወረቀት መሣሪያ ይሆናል። ፓስፖርት ይደበቃል፣ "ኢሚግሬሽን ደውዬ አስመልስሻለሁ" ይባላል። አሜሪካ የምትኖሪ ከሆነ ይህን እወቂ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባሏ የሚያጠቃት ሴት እሱ ሳያውቅ በራሷ ስም የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ትችላለች። ባልም በሚስቱ ሲጠቃ እንዲሁ። ወረቀትሽ በእሱ እጅ ብቻ ነው ያለው ያለሽን ሰው ዝም ብለሽ አትመኚው።

5. በገንዘብ የሚደርሰው

እንደ እኔ እምነት በጣም የሚታለፈው ይህ ነው። ድህነት ጥቃት አይደለም። ሁለታችሁም አጥታችሁ አስቤዛ ቢጎድል ማንም ማንንም አላጠቃም። ጥያቄው ያለው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል፣ ማንስ ይነካዋል የሚለው ነው።

ደመወዝሽ እንደገባ ሙሉውን ትሰጪዋለሽ? የቴሌብር ፒንሽን እሱ ይዞ አንቺ ለታክሲ ትለምኛለሽ? ለሽንኩርት የሰጠሽን ብር በሳንቲም ቆጥረሽ ታስረክቢያለሽ? ሞዴስ ለመግዛት ታስፈቅጃለሽ? በስምሽ ብድር ወስዶ ዕዳው አንቺ ላይ ቀርቷል? ሥራ እንዳትገቢ፣ ወይም የፈተና ቀን ሆን ብሎ ጠብ እያነሳ እንዳትማሪ አድርጓል? ከነዚህ ሁለት ሦስቱ ካሉ፣ አንድ ጊዜ መትቶሽ ባያውቅም፣ ይህ ጥቃት ነው። መሄጃ የሌላት ሴት አትሄድም። ገንዘቡን መያዝ መውጫውን በር መያዝ ነው።

ከሕጉ ሦስት ነገር ያዢ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር። የተሻሻለው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት ቤተሰቡን በእኩልነት ያስተዳድራሉ ይላል። ሁለተኛ፣ በትዳር ውስጥ ሁለታችሁም ሠርታችሁ ያገኛችሁት ገቢ የጋራ ነው። ቤት ውስጥ ስለዋልሽ "ያንቺ የለም" ማለት አይቻልም። ሦስተኛ፣ የጋራ ቤት ያለ ሁለታችሁም ስምምነት አይሸጥም፣ በመያዣም አይሰጥም። ይህ የፌዴራሉ ሕግ ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ ያለሽ የክልልሽን ጠይቂ።

6. በመኝታ ቤት የሚደርሰው

ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ከሁሉ ይከብዳል። ከእናት ጋር እንኳ አይወራም። እንቢ እያልሽ በጉልበት መሆኑ ብቻ አይደለም። እንቢ ካልሽ ነገ አስቤዛ እንደማይኖር እያወቅሽ እሺ ማለትሽም ከዚሁ ነው። የወሊድ መከላከያ ኪኒንሽን መጣል፣ መርፌውን እንዳትወጊ መከልከል፣ በሽታ እንዳለበት እያወቀ መደበቅ፣ የማትፈልጊውን ቪዲዮ እያሳየ "እንደዚህ ሁኚ" ማለትም እንዲሁ።

እውነቱን ልንገርሽ። የወንጀል ሕጋችን አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጭ በሆነ ግንኙነት ነው። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ሲያስገድድ ያደረሰብሽ ድብደባና ጉዳት በራሱ ወንጀል ነው፣ ይከሰሳል። ጥቃቱ ባልሽ ካልሆነ ሰው ከሆነ ደግሞ ሕጉ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። በሁለቱም በኩል ሐኪም ቤት ለመድረስ የጊዜ ገደብ አለው። የኤች አይ ቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ይወሰዳል፣ እሱም በቶሎ ሲሆን ነው የሚሠራው።

7. በስልክ የሚደርሰው

ፓስወርድሽን በፍቅር ሰጥተሽው ከሆነ ዛሬ ለውጪውና የሚሆነውን እዪ። ግን የሚያስፈራ ነገር ካለ አትሞክሪው። ያለሽበትን ቦታ በስልክ መከታተል፣ ቴሌግራምሽን በሱ ስልክ መክፈት፣ በቪዲዮ ደውሎ "ዙሪያሽን አሳዪኝ" ማለት፣ "ፎቶሽን ቲክቶክ ላይ እለቀዋለሁ" ማለት ሁሉም ጥቃት ነው። በተለይ የፍቅር ጓደኛ ብቻ ያላቸው ወጣቶች ይህን "ስለሚቀናብኝ ነው" እያሉ ያልፉታል።

8. እዚያው ቤት ያሉትን ሌሎች እዪ

ጓዳ ያለችው ሠራተኛ ደመወዟ ስንት ወር ተይዟል? ስልኳን ማን ወሰደው? ቤተሰቧን ማግኘት ይፈቀድላታል? ያረጁት እናት የጡረታ ብራቸውን ማን ይበላዋል? ልጁ እሱ ባይመታም እናቱ ስትመታ ሰምቶ አልጋው ላይ ይሸናል? ወንዶችም ይጠቃሉ፤ "ሴት መታችኝ" ብለው ስለማይናገሩ ነው የማንሰማው። ቤት ውስጥ በአንድ ሰው የጀመረ ጥቃት አንዱ ላይ አይቆምም።

9. ዑደቱን በቀን መቁጠሪያ ላይ አስቀምጪው

ከመታሽ በኋላ ያለቅሳል። ቀሚስ ይገዛል፣ ክትፎ ያበላል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ መሐላ ይምላል። ያ ሳምንት ደስ ይላል። የምታስታውሺውም እሱን ነው። ስለዚህ ቀኖቹን በምስጢር ምልክት አድርጊባቸው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ነገር ሁለት ነው፤ በጥቃቱና በጥቃቱ መሀል ያለው ጊዜ እያጠረ ይሄዳል፣ ጥቃቱም እየከበደ ይመጣል። ከዓመት በፊት መሳደብ ነበር፤ አሁን ቢላዋ ይነሳል።

ሽማግሌ ክብር አለው። ግን እንደማስታረቅ አድርገው "ቻዪው፣ ለልጆችሽ ስትይ" ብቻ ካሉሽ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ "ደግሞ ቢመታኝ ማን ይጠየቃል?" መልስ የሌለው እርቅ ለእሱ ብቻ የተደረገ እርቅ ነው።

10. አደጋው የቀረበ መሆኑን የሚያሳዩ

አንገት ማነቅ፣ መሣሪያ ማውጣት፣ "እገልሻለሁ" ወይም "ራሴን እገላለሁ" ማለት፣ በእርግዝና ጊዜ መምታት፣ ያለ ማቋረጥ መከታተል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ልትሄጂ መሆኑን ያወቀበት ቀን። ብዙ ሴቶች የሚሞቱት ለመውጣት ሲነሱ ወይም ከወጡ በኋላ ነው። ስለዚህ "ጥዬህ እሄዳለሁ" ብለሽ በንዴት አትናገሪ። መጀመሪያ ሂጂ፣ ደህና ቦታ ሆነሽ ይስማ።

11. ያወቅሽውን ወዴት ትወስጂዋለሽ

የጉዳትሽን ፎቶ አንሺና ለምታምኚው ሰው ልከሽ ከስልክሽ አጥፊው። መታወቂያሽን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ የልጆቹን የልደት ካርድ ኮፒ ከቤት ውጭ አስቀምጪ። አዲስ አበባ ሆነሽ ፖሊስ በ991 ይገኛል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907። ለሕግ ምክር የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ7711 ይደወልለታል፣ ምክሩ በነፃ ነው። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለው። ታሪክሽን አምስት ቢሮ እየዞርሽ እንዳትደጋግሚ ማለት ነው። ማደሪያ ለሌላት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያዎች አሉት። ገጠር ከሆንሽ የወረዳውን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። አሜሪካ ላለሽ የቤት ውስጥ ጥቃት የስልክ መስመሩ ቁጥር 1-800-799-7233 ነው፣ አስተርጓሚ ጠይቂ።

ፍቺ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ምክንያት ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ፍርድ ቤቱ ፍቺው እስኪያልቅ ድረስ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቀለብና ስለ መኖሪያ ቤቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት ይችላል።

አንቺ ጎረቤቷ ወይም እህቷ ከሆንሽ ደግሞ፣ "ለምን አትተዪውም?" አትበያት። ይህን ጥያቄ ራሷን ሺህ ጊዜ ጠይቃዋለች። ብቻዋን አግኚያትና "ቤት ውስጥ ሰላም ነሽ ወይ? ስትፈሪ አየሁሽ" በያት። ካልተናገረች ተዪያት፣ ደግመሽ ሌላ ቀን ሂጂ። ከተናገረች እመኛት። ከዚያ አንድ ምልክት ተስማሙ። እኛ ግቢ በኋላ ያደረግነው ይህን ነበር። ልጇ መጥቶ "እማዬ የቡና ረከቦት አበድሩኝ ብላለች" ካለ፣ ከየቤቱ ሁለት ሁለት ሰው ወጥቶ በሯ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ደግሞ ፖሊስ ይደውላል።